የሰው ድንጋይ ያወረደ

መቐለ፣ ዓይደር
ጥር 12 ቀን 2017

ለምወድሽ ታላቅ እህቴ ለሀፊሳ፣ ኮምቦልቻ

አሰላሙ ዐለይኪ እታለም። እንደምን ከርመሻል? ጉልበትሽስ? ሙስሊማስ? ስምንተኛ ክፍል ከበዳት ወይስ ቀለላት? ጣሪያሽ ማፍሰሱን ተወ? የጎረቤትሽ ላም በሰላም ተገላገለች? እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። የስፌት መኪናዬ ደህና ናት። ጓሮ የተከልሁት ቃሪያ ደህና ነው። ተከራዬ ወንድሜነህ፣ ያ ዩኒቨርሲቲ ሕግ የሚያስተምረው የደብረ ማርቆስ ልጅ፣ እሱም ደህና ነው፤ ዛሬም ሽሮ ሲበላ አንቀጽ ይጠቅሳል። ብርዱም ደህና ነው፣ ማለቴ ብርድ ነው ግን ደህና ነው።

እዚህ ትተሽው ስለሄድሽው ቤትሽ ለጠየቅሽኝ፣ ገና አልተሸጠም። ሁለት ሰዎች አይተው ሄደዋል፤ አንደኛው ጣሪያውን አልወደደውም፣ ሌላኛው ጎረቤቱን አልወደደውም። ውክልናሽን በላስቲክ ጠቅልዬ ከቁርኣኑ ሥር አስቀምጬዋለሁ። በነገራችን ላይ፣ ይህ ውክልና ለቤት ብቻ ነው ወይስ ለሌላም ነገር ይሆናል? ወንድሜነህ ነው ማወቅ የፈለገ፤ እኔ እንኳ ግድም የለኝ።

ሌላ ደግሞ እዚህ ሰፈር ክርክር ተነሥቶ ነበርና አንቺ ምን ትያለሽ ለማለት ያህል ነው። አንድ የማላውቀው ሰው አለ እንበል። ዕድሜ ልክ ተፈርዶበት አሥራ አራት ዓመት ታስሯል እንበል። ጉሮሮው ላይ ክፉ በሽታ ወጥቶበት ድምፁ ጠፍቷል፤ የእስር ቤቱ ሐኪም ቢፈታ እንኳ ከተፈታ ከሦስት ወር አያልፍም ብሏል እንበል። እንዲህ ያለው ሰው ወንድሙ ቤት ተኝቶ ቢሞት ማንን ይጎዳል? መልስሽ ባይቸኩልም ግድ የለም።

በስልክሽ ያልጻፍሁት ሙስሊማ ቀድማሽ ስለምታነብ ነው። እንደ ልማዳችን በዳኒ አውቶቡስ ልኬዋለሁ።

ወንድምሽ አብዱልወዱድ

ኮምቦልቻ
ጥር 24 ቀን 2017

አብዱልወዱድ፣

ወዐለይከ ሰላም። ደብዳቤህ አራት ገጽ ነው፤ ሦስቱ ሰላምታ ነው። ልጅ ሆነህም እንቁላል ሰርቀህ ስትበላ መጀመሪያ የዶሮዋን ጤና ነበር የምትጠይቀው። ለመሆኑ ቃሪያ እንዴት ሆኖ ነው ደህና የሚሆነው?

«የማላውቀው ሰው» ያልኸው ኣረፋይነ ነው። ስሙን ለመጻፍ እስክሪብቶህ ደረቀ? እዚያው መቐለ መናኸሪያ በር ላይ ሻይ ቤታችን ገብቶ ከጠረጴዛ ሥር ፈንጂ የያዘ ቦርሳ ጥሎ የወጣው ኣረፋይነ። ሰባት አባል ያለው ድርጅት በአንድ ቦርሳ አገር ሊያስተካክል። ባሌን ኸድርን ገደለው። እኔ ጓሮ ምድጃው ላይ ስለነበርሁ ጆሮዬን ብቻ ወሰደብኝ። ሙስሊማ ሆዴ ውስጥ ነበረች። ዳኛው ዕድሜ ልክ ሲለው ያለቀ ነገር መስሎኝ ነበር።

ትናንት ሙስሊማ ስልኳን ይዛ መጣች። «ሽብርተኛው ሊፈታ ነው» ይላል። ከሥሩ ሰው ሁሉ ይሰዳደባል፤ ግማሹ «እሱስ ለማን አዘነ» ይላል፣ ግማሹ «የሚሞት ሰው ምን ትፈልጉበታላችሁ» ይላል። ቪዲዮው ላይ አንድ ሽማግሌ ያለቅሳል። ከኋላው አንድ ሰውዬ ድንጋይ ታቅፎ ቆሟል፤ አንገቱ ላይ የልብስ ሰፊ ሜትር አንጠልጥሏል። ሜትሩን አንገቱ ላይ ረስቶ ሰው ፊት የሚቆም አንድ ልብስ ሰፊ ነው የማውቀው።

ድንጋይ ምን ልታደርግ ታቀፍህ? ሰላምታውን ትተህ ጻፍልኝ።

ሀፊሳ

መቐለ
የካቲት 3 ቀን 2017

እታለም ሀፊሳ፣

ሰላምታ አላበዛም። ጉልበትሽ ግን እንዴት ነው?

ጥር 5 ቀን ማለዳ ሱቄን ከፍቼ ለሕክምና ተማሪዎች ጋዋን እየቆረጥሁ ሳለ ኣረጋዊ መጣ። የኣረፋይነ ታላቅ ወንድም ነው፣ ከኛ መንገድ ማዶ ዳቦ ቤት ያለው። ሦስት ሽማግሌ አስከትሎ፣ አንገቱ ላይ ድንጋይ ተሸክሞ። ወጉን ታውቂዋለሽ፤ የበደለ ወገን ድንጋይ ተሸክሞ ደጃፍ ላይ ይወድቃል፣ የተበደለው በገዛ እጁ ካላወረደለት አይነሣም። ኣረጋዊ ሰባ ሁለት ዓመቱ ነው። ደጃፌ ላይ ወደቀና ከድንጋዩ ሥር «ከመይ ሓዲርካ ሓወይ» አለኝ። ሰው እንደዚያ ተደፍቶ እንዴት አደርህ ወንድሜ ይላል?

ድንጋዩን ሳየው የኔው ድንጋይ ነው። የግቢዬ ካብ ላይ የነበረ፤ በሩን ስቀባ የፈሰሰበት ሰማያዊ ቀለም ጎኑ ላይ አለ። ምነው ከቤትህ ብታመጣ ብዬ ብጠይቀው፣ ከቤቱ አንድ ትልቅ ድንጋይ ይዞ ተነሥቶ ነበር፤ ጥጉ ላይ ሲደርስ ወገቡ እምቢ አለው፤ እሱን እዚያው አስቀምጦ ቀለል ያለ ከኔ ካብ ወሰደ። ይህን የሚነግረኝ እያለቀሰ ነው። እንባውና ላቡ አንድ ላይ አፍንጫው ጫፍ ላይ ይንጠባጠባል። ሦስት ተማሪዎች ጋዋናቸውን ሊወስዱ ቆመዋል፣ ክፍል ረፍዶባቸዋል። አንጀቴን በላው። እጄ ሳላዛት ሄዳ ድንጋዩን አነሣችለት።

ወላሂ፣ ካቤ ላይ ልመልሰው ነበር። እነሱ ግን ይቅርታው ወረደ ብለው ተቃቀፉ፤ ተማሪዎቹ አጨበጨቡ፤ አንዷ ስልኳን አውጥታ ቀረጸችን። እኔ ድንጋዩን ታቅፌ ማንን ላናግር? አንደኛው ሽማግሌ ከኪሱ ወረቀት አወጣ። የይቅርታ ኮሚቴው የሟች ቤተሰብ ተቃውሞ እንደሌለው ማረጋገጫ ይፈልጋል፤ ታማሚ ቢሆንም ያለ እሱ አይለቀቅም። ወኪሏ አንተ አይደለህ እንዴ አሉኝ። ነኝ አልሁ። ፈረምሁ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይሉሽ የለ፤ እኔ አፍስሼ መልቀሙ ገና ነው የጀመረኝ።

ማታ ወንድሜነህ ወረቀቱን አንብቦ ማንኪያውን አስቀመጠ። ይህ ውክልና ቤት ለመሸጥ የተሰጠ ነው፤ በሰው ስም ይቅር ለማለት አያገለግልም። እህትህ አንዲት ማመልከቻ ብታስገባ ሰውዬው ቢፈታ እንኳ ወደ እስር ቤት ይመለሳል፣ አንተም ትጠየቃለህ አለኝ። ከዚያ ማንኪያውን አንሥቶ ሽሮውን ጨረሰ። 

የፈራሁት እስሩን አይደለም። አንቺ ወንድም የለኝም እንዳትዪኝ ነው። አውፍ በይኝ፣ ይቅር በይኝ።

አብዱልወዱድ

ኮምቦልቻ
የካቲት 15 ቀን 2017

አብዱልወዱድ፣

አውፍ አልልህም።

የሰው ሸክም ማውረድ እንዲህ ከወደድህ መናኸሪያ ሄደህ ኩሊ ሁን። የኔን ግን ማን አውርድልኝ አለህ? ኣረጋዊን አላውቀው መሰለህ፤ ኸድር በሕይወት ሳለ ዳቦ ከሱ ነበር የምንገዛ፤ ደግ ሰው ነው። ደግ ሰው ወንድም አይመርጥም፤ እኔም አልመረጥሁም።

ማመልከቻዬን ጽፌ ጨርሻለሁ። ቀኑን ብቻ አልሞላሁም። እስክሞላው ድረስ ድንጋዩን ላክልኝ። ካንተ ካብ ቢነሣም የኔ ነው። እኔ ሳላወርደው የወረደ ድንጋይ የለም፤ ከአንገቱ ላይ አንሥተህ የትም ጥለኸው አትቀርም።

ሀፊሳ

መቐለ
መጋቢት 8 ቀን 2017

እታለም ሀፊሳ፣

ረመዷን ሙባረክ። ድንጋዩን በጆንያ አድርጌ ለዳኒ ሰጥቼዋለሁ። እስካሁን ካልደረሰ ፍተሻ ላይ ነው። ባለፈው ሳምንት አንዱ ኬላ ላይ ጆንያውን አስፈትተው ድንጋይ ሲያገኙ ፈታሹ ዳኒን «ወሎ ድንጋይ አልቆ ነው?» አለው። ዳኒ የሚመልሰው ቢያጣ አውቶቡሱን ይዞ ተመለሰ፤ ተሳፋሪው ሁሉ እኔን ሲረግም ዋለ። አሁን «የአንዲት ሴት ንብረት ነው» የሚል ወረቀት ጽፌ፣ ወንድሜነህ ማኅተም የሚመስል ነገር ስሎበት ልኬዋለሁ።

ሰውዬው መጣ ወይ ብትዪ፣ መጥቷል። በአውሮፕላን፣ በቃሬዛ። አሉላ አባ ነጋ አውሮፕላን ማረፊያ በር ላይ ግማሹ ሰው አበባ ይዞ፣ ግማሹ «ሽብርተኛ ሰፈራችን አይገባም» የሚል ጨርቅ ዘርግቶ ይጠብቀዋል። መካከል ላይ ቆሎ የሚሸጡት ለሁለቱም ይሸጣሉ። የተቃዋሚዎቹ መሪ እዚህ ዓይደር ፋርማሲ ያላት ሥርጉት ናት፤ መቶ አሥራ ሁለት ፊርማ አሰባስባለች። እኔንም ፈርም አለችኝ። እኔ ከዚህ በኋላ ተለምኜ እንኳ አልፈርምም አልኋት።

ምን ይመስላል ብትዪ፣ ምንም አይመስልም። አጥንት ነው። ድምፅ የለውም፤ ደብተር አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ የሚፈልገውን ይጽፋል። እንዴት አወቅህ ትዪኛለሽ። በሦስተኛው ቀን ኣረጋዊ በባጃጅ ሱቄ አመጣው። የታሰረ ጊዜ የለበሰው ሱሪ እየወለቀበት ነው፤ ሲሞት እንኳ ሱሪ ለብሶ ይሙት አለኝ። እኔ ደግሞ ሥራዬ ነው። ወገቡ ስድሳ ስድስት ሳንቲ ሆነ። ዐሥር ሳንቲ አጠበብሁለት። ስለካው ፊቱን አላየሁትም፣ እሱም የኔን አላየም።

ይህን መደበቅ ይቻል ነበር። ሁለተኛ አልደብቅሽም ብዬ ነው የጻፍሁት።

አብዱልወዱድ

ኮምቦልቻ
ሚያዝያ 2 ቀን 2017

አብዱልወዱድ፣

ድንጋዩ ደርሷል። ዳኒ ከነጆንያው ደጄ ላይ ጥሎት ሲሮጥ ሄደ፤ ምን እንደነገርኸው አላውቅም፣ ሰላም እንኳ አላለኝም። በሩ ሥር አኑሬዋለሁ። ሰው ሲገባ እግሩን ይመታዋል፤ ከዚያ ይሄ ምንድን ነው ብሎ ይጠይቀኛል፤ እኔ አልሰማሁም እላለሁ። መደንቆሬ አንዳንድ ቀን ይጠቅመኛል።

ሱሪውን አጠበብህለት። ዓይንህን በጨው ታጥበህ ትነግረኛለህ ደግሞ። እንግዲህ አንድ ነገር ልንገርህና ዝም እላለሁ። ሐኪሙ ከተፈታ ሦስት ወር ካለ ግንቦት መጨረሻ ያልቃል። ማመልከቻውን እስከዚያ አላስገባም፤ በሰው ቁስል እንጨት ሰደደች እንዲሉኝ አልፈልግም። ከዐረፋ በኋላ ግን እስር ቤት ሆኖም ሆነ መቃብር፣ ከሁለት አንዱን እሰማለሁ።

ምን ይበላል?

ሀፊሳ

መቐለ
ሰኔ 20 ቀን 2017

እታለም ሀፊሳ፣

ዐረፋ እንዴት አለፈ? አልሐምዱሊላህ እኛ በሰላም አለፍን። ሰላምታዬ ሊረዝም ሲል ተሰምቶኛልና እዚህ ላይ ልቁረጠው።

አልሞተም። ሦስተኛው ወር አለፈ፣ አራተኛውም ሊያልፍ ነው። ምን ይበላል ላልሽው፣ ያኔ አጥሚት ብቻ ነበር። ኣረጋዊ ዳቦ በወተት እያራሰ ሰጠው፤ ቀጥሎ ገንፎ፤ አሁን የገብስ ድብልብሉን፣ ጥሕሎውን፣ ይውጣል አሉ። ትናንት በእግሩ ሱቄ መጣ። በእግሩ። ደብተሩ ላይ «ሱሪው ጠበበኝ» ብሎ ጽፎ አሳየኝ። ለካሁት፤ ሰባ ስምንት። ሜትሩ ተሳስቶ ይሆናል ብዬ የራሴን ወገብ ለካሁ፤ ሜትሩ አልተሳሳተም፣ እኔም ወፍሬያለሁ። ያጠበብሁትን መልሼ ለቀቅሁለት፣ ጨርቅም ጨመርሁበት። ጋዋን የሚያሰፉት ተማሪዎች ቆመው ሲያዩት ቆይተው አንዱ «ይሄ ሰውዬ መጽሐፋችን ውስጥ የለም» አለ።

ሰፈሩ አበደ። ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም፤ ዘንድሮ ግን ለመስከረም የሚተርፍ ጉድ የለም። አንቺ ድንጋዩን ወስደሽ በርሽ ሥር ማኖርሽን ዳኒ በየሻይ ቤቱ አውርቷል። አሁን ሰዉ ሁሉ የሚለው፣ ነፍሱ ያልወጣችው እህትህ ይቅር ስላላለችው ነው፤ ይቅር ሳይባል የሚሞትበት መንገድ የለውም ነው። ሥርጉት፣ ያቺ መቶ አሥራ ሁለት ፊርማ ያሰባሰበችው፣ ስኳር ይዛ ቤቴ መጣች። እህትህን ለምንልን፣ ይቅር ትበለውና ይሙትልን አለችኝ። መፈታቱን የተቃወሙት በሙሉ ዛሬ ይቅርታ ጠያቂ ሆነዋል። ኣረጋዊ ደግሞ በማግሥቱ ዳቦ ይዞ መጣና «በጃኻ ሓወይ፣ እባክህ፣ እህትህ እንዳትቸኩል» አለኝ። ያ ድንጋይ ተሸክሞ ደጄ የወደቀው ሰውዬ። ስኳሩንም ዳቦውንም ተቀበልሁ፤ ለማንም ቃል አልገባሁም።

ወንድሜነህን ብጠይቀው ባለመሞቱ የሚጠየቅ ሰው በሕጉ የለም አለ። ተሽሎት እንደሆነ ይመረመራል፤ በሽታው ግን አለ፣ እየበላውም ነው፤ ሥጋውን ብቻ ነው ያልነካው። ሐኪሙም ይህንኑ ብሏል፣ ቀን መጥራት ግን ሁለተኛ አልደግምም ብሏል።

ራሱ ኣረፋይነ ትናንት ሱሪውን ሲወስድ ደብተሩን ገልጦ አንዲት መስመር ጻፈልሽ። እንዳለ እገለብጥልሻለሁ፦ «ለወይዘሮ ሀፊሳ። ይቅርታሽን እፈልጋለሁ። ግን አልቸኩልም።»

እኔም አልሳቅሁም አልልሽም።

አብዱልወዱድ

ኮምቦልቻ
ሐምሌ 9 ቀን 2017

አብዱልወዱድ፣

እኔ በዚህ ዕድሜዬ የሰው ነፍስ ቡሽ ሆኜ ቀረሁ። ይቅር ብል ገዳይ ነኝ፣ ባልል መድኃኒቱ ነኝ። ያሰርሁት መስሎኝ የያዝሁት ድንጋይ ለካ እሱን ደግፎ አቁሞልኛል። ሙስሊማ ይህን ስነግራት ወለሉ ላይ ተንከባልላ ሳቀች። ከዚያ እኔም ሳቅሁ። ሁለታችንም ስንስቅ ቆየንና እሷ ቀድማ አለቀሰች። አባቷን በፎቶ ነው የምታውቀው።

ማመልከቻውን እንደያዝሁት ነው። ቀኑን ከመሙላቴ በፊት አንድ ነገር ጠይቅልኝ። አሥራ አራት ዓመት የምጠይቀው ሰው አጥቼ ነው። ፍርድ ቤቱ ስንት ኪሎ ነበር፣ ማን ሰጠህ፣ የት ሠራችሁት እያለ ሲጠይቅ ቆይቶ ይህን አልጠየቀውም።

ያን ቀን እኔ ጓሮ ነበርሁ፣ ላምባ ምድጃው እየጮኸ። ኸድር ከፊት አንድ ነገር ተናገረ፤ ድምፁን ሰማሁ፣ ቃሉን አልሰማሁም። ጆሮዬ የሰማው የመጨረሻው ነገር እሱ ነው። እኔን ጠርቶ ይሁን፣ ሌላ ሰው ጠርቶ ይሁን አላውቅም። ያ ሰውዬ እዚያ ነበር። ኸድር ምን አለ? ይጻፍልኝ። እንዳታሳምርልኝ ደግሞ፤ አንተ ሁሉን ነገር ደህና ነው ትላለህ።

ሀፊሳ

መቐለ
ነሐሴ 2 ቀን 2017

ሀፊሳ፣

ጠየቅሁት። ጥያቄሽን አነበበ። ከዚያ ሱቄ ጥግ ተቀምጦ ሲጽፍ ዋለ፣ እየሰረዘ። ቃሉን አልነካሁም።

«ሁለት ሻይ ጠጣሁ። ባለቤትሽ ፊቴን አይቶ አሞሃል ወይ አለኝ። አላመመኝም አልኩት። ቦርሳውን ከጠረጴዛው ሥር ትቼ ወጣሁ። ሃያ ርምጃ ያህል እንደሄድኩ ከኋላዬ ጠራኝ። ዞር ስል ቦርሳውን ይዞ እየሮጠ ነው። ‹ወንድሜ፣ ዕቃህን ረሳህ› አለኝ። ጣለው ብዬ መጮኽ እችል ነበር። ያኔ ድምፅ ነበረኝ። አልጮኽኩም። ሮጥኩ። ቦርሳውን ይዞ ስለወጣ ነው ውስጥ የነበሩት ስድስት ሰዎች የተረፉት። አንቺም። ይህን ለማንም አልተናገርኩም፣ የጠየቀኝም አልነበረም።»

ጽፎ ሲጨርስ ጫፉን እንድሰፋለት ያመጣውን ሱሪ ረስቶት ሄደ። እኔ ተከትዬ ዕቃህን ረሳህ ልለው አልቻልሁም። ሱሪው እዚሁ ተሰቅሎ አለ።

ወዱድ

ኮምቦልቻ
መስከረም 18 ቀን 2018

ወንድሜ አብዱልወዱድ፣

ሳልጽፍልህ ቆየሁ። ሙስሊማ አክስቷ ጋ እየሄደች እኔን ብቻዬን ትተወኝ ነበር፤ እኔ ነኝ እንደዚያ ያልኋት።

እኔን አልነበረም የጠራው። ይህን ለማወቅ አሥራ አራት ዓመት ፈጀብኝ። እኔ ሀፊሳ ብሎ የጠራኝ፣ እኔ ሳልሰማ የቀረሁ ይመስለኝ ነበር፤ እንቅልፍ የነሣኝ ይሄው ነበር። ለካ የሰው ዕቃ ሊመልስ ነው። ኸድርን ታውቀው የለ፤ ደንበኛ ጥሎት የሄደውን ጃንጥላ ይዞ እስከ ቅዳሜ ገበያ የሚሮጥ ሰው ነበር። እኔ አንድ ቀን ይህ ሩጫህ ይገድልሃል ብዬው ነበር፣ ለቀልድ።

አሁን ስማኝ። ጠራቢው አብዱልጀሊል ጋ ድንጋዩን አስይዤ ሄድሁ። ለሁለት ክፈልልኝ አልሁት። ምን ሊሆንሽ ነው አለኝ በእጁ። የሁለት ሰው ነው አልሁት። በሦስት ምት ተከፈለ፤ ድንጋይህ እንዳንተው ልቡ ስስ ነው።

ስለ ጆሮዬ፣ ስለ ዝምታው ሁሉ፣ ኣረፋይነን አውፍ ብዬዋለሁ። ያ ይቅርታ የኔ ነው፣ ልሰጠው እችላለሁ። ስለዚህ ሰማያዊው ቀለም ያለበትን ግማሽ በገዛ እጄ አውርጄለታለሁ፤ እኔው ጋ ይቀራል። ማመልከቻውንም ቀዳድጄዋለሁ። በዚህ ምክንያት ቢሞት ይሙት፣ ቢኖር ይኑር፤ ቡሽነቱን ትቻለሁ።

ስለ ኸድር ነፍስ ግን አውፍ አልልም። ተቆጥቼ አይደለም። አንተ የኔን ይቅርታ አንሥተህ ሰጠህ ብዬ ስንት ወር አኮረፍሁህ፤ እኔ ተነሥቼ የኸድርን ብሰጥ ካንተ በምን እሻላለሁ? ያኛው ግማሽ የኸድር ነው። በዳኒ ልኬዋለሁ። የሰው ዕቃ ማስቀረት በቤታችን አልተለመደም። ኣረፋይነ ራሱ ተሸክሞ ይሂድለት፤ ያኔም ወንድሙ እንጂ እሱ አልተሸከመም። ኸድር ያወርድለት እንደሆነ እኔ አላውቅም። ኸድርን ግን አውቀዋለሁ።

አንተን አውፍ ለማለት ገና ነኝ።

ሀፊሳ

መቐለ
ጥቅምት 26 ቀን 2018

እታለም ሀፊሳ፣

ግማሹ ድንጋይ ደረሰ። ፍተሻ ላይ ያው ፈታሽ ነበር አሉ። ከፍቶ አየና ዳኒን «እየተበላ ነው እንዴ?» ብሎት አሳለፈው።

ሰፈሩ ነገሩን ሲሰማ እንደገና ለሁለት ተከፈለ። ግማሽ ይቅርታ ከተባለ ግማሽ ይሞታል ማለት ነው ወይ ብለው ተከራከሩ። ሥርጉት የትኛው ግማሽ ብላ ጠየቀችኝ።  በሐቁ ግን ሰውዬው ከነሐሴ ወዲህ መውረድ ጀምሮ ነበር፤ ድንጋዩ ከመድረሱ በፊት። ሱሪውን መልሼ ስወስድለት ለካሁት፤ ስድሳ አንድ። ያን ቀን ማጥበብ አያስፈልግም ብሎ ጻፈልኝ።

ደብዳቤሽን አነበብሁለት። ሁለቴ አስነበበኝ። በማግሥቱ ኣረጋዊ በባጃጅ ሱቄ አመጣው። ከባጃጁ ራሱ ወረደ፤ ሰው እንዲደግፈው አልፈለገም። ግማሹን ድንጋይ በሁለት እጁ አንሥቶ አንገቱ ላይ አኖረና ደጃፌ ላይ ተንበረከከ። መንገዱ ቆመ። ሥርጉት ፋርማሲዋን ትታ ወጣች። ተማሪዎቹ ስልካቸውን አላወጡም። አንገቱ ይንቀጠቀጣል፤ ድንጋዩ ከአንገቱ ይወፍራል። እታለም፣ እጄ ተነሥታ ሄደች፤ እንደያኔው፣ ሳላዛት። መልሼ ኪሴ ከተትኋት። አላወረድሁለትም። የዐስር ሶላት እስኪደርስ እንደዚያ ቆየ፣ እኔም ፊቱ ቆሜ ቆየሁ። እንዲህ ያለ ከባድ ሥራ ሠርቼ አላውቅም። ከዚያ እንደተሸከመ ወደ ባጃጁ ወሰዱት።

ማክሰኞ ሞተ። እኛም ቀብሩ ላይ ቆምን፣ ሥርጉትም ቆመች። ድንጋዩን ከራስጌው ሳጥኑ ውስጥ ሊያኖሩት ሲሉ ቄሱ ይህ ምንድን ነው አሉ። ኣረጋዊ ለአፍታ እኔን አየኝና «የሰው ዕቃ ነው አባ፤ ሊመልስ ነው» አላቸው። ድንጋዩ አብሮት ገባ።

ከዚህ ደብዳቤ ጋር ውክልናሽን መልሻለሁ። ቤቱን ራስሽ መጥተሽ ሽጪው፣ ወይም አትሽጪው። ስለ እኔ ጉዳይ ደግሞ አልቸኩልም፤ ይቅር ያልተባለ ሰው ዕድሜው ረጅም ነው እየተባለ ነው እዚህ። ግን እታለም፣ ናፍቀሽኛል። ካቤ ላይ የድንጋዩ ቦታ እንደ ተከፈተ ነው፤ የጎረቤት ዶሮ እየገባ ያስቸግረኛል። ሳትመጪ አልደፍነውም።

ወንድምሽ አብዱልወዱድ

ኮምቦልቻ
ኅዳር 6 ቀን 2018

ወዱዴ፣

ቅዳሜ በዳኒ አውቶቡስ ከሙስሊማ ጋር እመጣለሁ። ሰማያዊውን ግማሽ ይዤልህ ነው፤ ካብህን ድፈንበት። ፍተሻው ላይ እኔው አስረዳለሁ፣ የሚሉትን ስለማልሰማ ቶሎ ይለቁኛል።

ለመሆኑ ጤናህ እንዴት ነው? የስፌት መኪናህስ? ወንድሜነህስ? ብርዱስ? ቃሪያውስ ደህና ነው?

እህትህ ሀፊሳ